የቅርብ ጠበል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የቤት ነገር ናቸው። እናት፣ ወንድም፣ ሚስት፣ አባት። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የመጡትን አራቱን ልመልስ ነው። ስም አላወጣሁም። ጎረቤት እንዳይለያችሁ ብዬም አንዳንድ ነገር ትቻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የሌሎቹም መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ አላገባሁም። ሆጤ አካባቢ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። አባታችን ካረፈ 9 ዓመት ሆነው። የቤት ኪራይ የለብንም እንጂ ምግቡም፣ መብራቱም፣ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒትም በእኔ ደሞዝ ነው። ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። አንድ ሰሞን ባጃጅ ይነዳል፣ አንድ ሰሞን ቤት ይቀመጣል። የሚነሳው ረፋድ ላይ ነው። ሁለት ቃል ከተነጋገርን ሦስተኛው ጭቅጭቅ ነው። እማዬ ደግሞ ሁልጊዜ የሱ ወገን ናት። «ተይው ልጄን» ትለኛለች፣ እኔ ልጇ ያልሆንኩ ይመስል። በ2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ አዝሏት ስለሄደ ያንን አትረሳለትም። እኔ በየቀኑ የማደርገውን ግን ማንም አያየውም።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ስልጠና ነበር። አሰልጣኙ ወረቀት አደለንና «አምስት ጠንካራ ጎናችሁን ጻፉ» አለ። እትዬ፣ አንድም አልመጣልኝም። ድክመት ቢለኝ ገጹን እሞላው ነበር። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንዳታይብኝ ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቤተሰቤ ቢያከብረኝ ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር ብዬ አሰብኩ። እንዲያከብሩኝ ምን ላድርግ?

መልስ

የኔ ሸጋ፣ በዚያ ባዶ ወረቀት አትሸማቀቂ። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ወረቀትሽን የሸፈንሽው አንቺ ብቻ አትመስይኝም።

እኛ ስለራሳችን ጥሩ ነገር መናገር አልለመድንም። ልጅ ሆነን «እኔ እኮ እንዲህ አደረግሁ» ስንል «አይ ጉራ!» ተብለን ዝም ብለናል። ጥሩነታችንን የሚነግረን ሌላ ሰው ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ወግ አለው። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ እኛ መዳፋችንን ዘርግተን «አሚን» እንላለን። «እናቷን የጦረች፣ ቤቷን ያቆመች» ተብሎ ሲመረቅልን ነው እናት መጦራችን ቁም ነገር መሆኑ የሚገባን። እኔ ይህን ወግ በጣም ነው የምወደው። ግን መራቂው ዝም ያለ ቀን ስለራሳችን የምናውቀው ነገር ያልቃል።

እናንተ ቤት የሆነው ይሄ ይመስለኛል። ምናልባት መራቂው አባታችሁ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ የሆነ ሰው «እሰይ» እንዲልሽ ትጠብቂያለሽ። ማንም አይልም። ያልተባለልሽ ነገር ደግሞ ልብሽ ውስጥ እንደ ዱቤ መዝገብ ይጻፋል፤ የጥቅምት መብራት፣ የኅዳር መድኃኒት፣ የታኅሣሥ ዘይት። ወንድምሽ ረፋድ ላይ ዓይኑን እያሸ ሲወጣ ያ መዝገብ ሙሉው ይገለጥበታል። እሱ የሚሰማው ግን ስለ እንቅልፉ ብቻ ነው። «ለዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ ይሄ ሁሉ ቁጣ?» ብሎ ይገረማል፣ ይከፋዋል፣ ይመልስልሻል። ሦስተኛው ቃል ላይ የምትጣሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከእነሱ በፊት ካንቺ እንጀምር። ያንን ወረቀት እንደገና አውጪው። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ» ብለሽ ግን አትጻፊ፤ እሱ ለሥራ ማመልከቻ ነው የሚሆነው። ያደረግሽውን ጻፊ። እኔ አንቺን ሳላውቅሽ ከደብዳቤሽ ላይ አንድ ልጀምርልሽ፤ የእማዬ መድኃኒት። የደም ግፊት መድኃኒት «ዛሬስ ደህና ነኝ» ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፣ በየቀኑ ነው የሚወሰደው፤ ሲሻለው አቋርጦ ስንት ሰው ነው የተጎዳው። አንቺ ስንት ዓመት ሳይቋረጥ አቆየሽው? ደሞዝ ሳይደርስ ያለቀ ጊዜ ከማን ተበደርሽ? አንዱ ፋርማሲ «የለም» ሲልሽ ስንት ቦታ ዞርሽ? ዝናብ ነበር? ይሄን ሁሉ ጻፊው። ከዚያ «ይህን ያደረገችው ጎረቤቴ ብትሆን ምን እላታለሁ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። እኔ አደራ ጠባቂ እላታለሁ። ከመጀመሪያው መስመር በታች ይህን ጻፊ።

አንድ ቀን ብቻ ግን አይበቃም። ማርቲን ሰሊግማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ሰዎቹ ለአንድ ሳምንት በየማታው በዕለቱ የሆኑ ሦስት ጥሩ ነገሮችን ከነምክንያታቸው ጻፉ። ሌሎቹ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ጠንካራ ጎናቸውን በየቀኑ በአዲስ መንገድ እንዲሠሩበት ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱም ጋ ደስታቸው ጨምሮ፣ ድብርታቸው ቀንሶ ተገኘ። እኔን ከሁሉ የሳበኝ «ከነምክንያቱ» የምትለው ነገር ናት። «ዛሬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ» ካልሽ በኋላ «ለምን?» ስትዪ የሰው ስም ይመጣል። እማዬ ምሳዬን ቋጥራልኝ ስለነበር። ወንድሜ በሩን ስለጠገነው። በራስሽ የተጀመረው ጽሑፍ ሳታስቢው ወደ እነሱ ይሻገራል።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። ጠንካራ ጎን ሲበዛ ሰው ያቆስላል።

እኔ ሳገባ አማቴ ጢጣ ነበር ቤታቸው። በአንድ ነገር አልታማም፤ ቤት ማሰናዳት እችልበታለሁ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ እሳቸው ገበያ እስኪመለሱ ጓዳቸውን ከላይ እስከ ታች አዲስ አደረግኩላቸው። በርበሬውን ከበርበሬ፣ ሽሮውን ከሽሮ፣ ጨውን ከስኳሩ ጋር በትንንሽ ጣሳ ደረደርኩ። ተመልሰው አዩና «እሰይ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ማታ ላይ ጓዳ ስገባ መደርደሪያው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። መብራት አላበሩም። በእጃቸው አንድ ጣሳ ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ ይመልሳሉ። ሌላ ያነሳሉ። ለካ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ለልጆቻቸው እንኳን አልተናገሩም። ጨው የት እንዳለ የሚያውቁት በቦታው ነው፣ ዘይቱን በጠርሙሱ አንገት፣ በርበሬውን በክዳኑ። እኔ በአንድ ከሰዓት ያንን ሁሉ አጠፋሁባቸው። በማግስቱ «እማማ፣ የነበረበትን ያሳዩኝና እንመልሰው» አልኳቸው። እየነገሩኝ አንድ በአንድ መለስን። የዚያን ዕለት ነው እሳቸው ምን እንደሚችሉ ያየሁት። ሳያዩ ለሃያ ሰው ወጥ የሚሠሩ ሴት ነበሩ።

አንቺም አደራ ጠባቂ ነሽ። አደራ ጠባቂ ሰው ሲያበዛው ተቆጣጣሪ ይሆናል። ሁሉን ነገር አንቺ ከያዝሽው ለሌላው የሚይዘው ነገር አይተርፍም፤ ከዚያ «ምንም አይዝም» ብለሽ ትናደጂበታለሽ። ይሄንን ለመውቀስ አይደለም የምልሽ። እኔም ስላለፍኩበት ነው።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «አዝሏት ስለሄደ» ብለሻል፣ እንደ ቅሬታ። በ2014 ጥቅምት ደሴ የነበርን ሰዎች ያንን መንገድ እናውቀዋለን። መኪና አይገኝም ነበር። ሰው ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ነው የወጣው። በዚያ መንገድ ላይ እናቱን ጀርባው ላይ አድርጎ የሄደ ልጅ ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ጎረምሳ ነበር። አንቺ አምስት የራስሽን ጥንካሬ ያጣሽው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ የእሱን ግን ጽፈሽው ሳለ አላየሽውም። «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» ይባል የለ? እሱ ላንቺ እንዲያ ሆኗል፣ አንቺም ለነሱ።

ስለዚያ ቀን ለራሱ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ካልነገርሽው ንገሪው። ስትጣሉ አይደለም፤ ቡና ላይ፣ እማዬ ባለችበት፣ አቦሉ ሲቀዳ። «ጎበዝ ነህ» አትበዪው፣ እሱ ለማንም ይባላል። ያየሽውን ተናገሪ። «ያን ቀን እማዬን ስታዝላት ከኋላ ነበርኩ። ጫማህ ተቀዶ እግርህ ሲደማ አይቻለሁ። አንድም ጊዜ ደከመኝ አላልክም። ይሄን ነግሬህ አላውቅም» በዪው፣ ያየሽው ይህ ከሆነ ማለቴ ነው፤ የራስሽን አስታውሺ። ከዚያ አቁሚ። «ግን» የምትለዋን ቃል ዋጪያት። «ያኔ እንዲያ ነበርክ፣ ግን አሁን...» ካልሽ የመጀመሪያውን ሁሉ አፈረስሽው። የዚያን ቀን ስለ ሥራም፣ ስለ እንቅልፍም አታንሺ። እሱ ምናልባት ያፍራል፣ ተነስቶ ይወጣል። ይውጣ። ሰምቶታል።

ጆን ጎትማን የተባለ ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲከራከሩ በቪዲዮ እየቀረጸ ለዓመታት አጥንቷል። ትዳራቸው በጸናው ዘንድ፣ ክርክር መሃል እንኳን፣ ለአንድ ክፉ ነገር አምስት ያህል ደግ ነገር ይገኛል፤ ፈገግታ፣ ማድመጥ፣ «እሱስ ልክ ነህ» ማለት። ትዳር እንደሚፈርስ ከሁሉ በላይ ያመለከተው ደግሞ ንቀት ነበር፤ ማሽሟጠጡ፣ በነገር መውጋቱ። የተጠናው ባልና ሚስት ነው፣ እኔ ግን ለእህትና ለወንድምም መለኪያ አድርጌ እጠቀምበታለሁ። እስኪ ነገ ቁጠሪው። አምስት ለአንድ ሳይሆን አንድ ለአምስት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የመድኃኒቱን ነገር ለሱ ስጪው። ገንዘቡን አንቺ ትሰጪያለሽ፣ ገዝቶ የሚያመጣው እሱ ይሁን። ከማለቁ አምስት ቀን ቀድሞ እንዲገዛ ተስማሙ፣ ቢዘገይ እንኳን እማዬ እንዳትቸገር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «ገዛህ?» አትበዪው። እናቱን በጀርባው ያሻገረ ልጅ ክኒን ማምጣት አያቅተውም።

እማዬን ብቻዋን ስታገኚያት ግን «ተይው ልጄን ስትዪኝ እኔ ልጅሽ ያልሆንኩ ይመስለኛል» በያት። በዚሁ ቃል፣ ሳትቆጪ። እናት ይህን ሰምታ ዝም የምትል አይመስለኝም።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። 41 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፣ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ባለቤቴ እጇ ሰፊ ነው፤ ጣጣችንም እሱ ነው። ከባቲ የመጣ፣ ከከሚሴ የመጣ፣ ሐኪም ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚያርፈው። ቅሬ ላይ፣ እድራችን ማለቴ ነው፣ ሰው የሚያወጣውን እጥፍ አውጥታ ትመጣለች። እሷ ከሙስሊም ቤተሰብ ናት፣ እኔ ከክርስቲያን፤ ስለዚህ ረመዳንም ፋሲካም እኛ ቤት ነው። አልከፋኝም፣ ግን የጀመርነው ቤት ጣሪያ ሳይለብስ አራት ክረምት አለፈበት። እኔ ልቆጥብ ስል ባለፈው ልጆቹ ፊት «አንተ ስስታም» አለችኝ። ያ ቃል ከሆዴ አልወጣም። ጥረቴን እንድታከብርልኝ ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልህ። አንተም ስስታም አይደለህም፣ እሷም አባካኝ አይደለችም። ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ቅድም ያነሳሁት ሰሊግማን በ2004 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅን 24 ጠንካራ ጎኖች በስድስት ክፍል አሰባስበው አውጥተዋል፤ ደግነት አንዱ ነው፣ አስተዋይነትና ጥንቃቄም አንዱ ነው። እናንተ ቤት የሚጣሉት ሁለት ጥሩ ነገሮች ናቸው። ለዚህ ነው ጠቡ የማያልቀው፤ ሁለታችሁም ልክ እንደሆናችሁ ስለምታውቁ።

ሁለቱም ከየት እንደመጡ አስበህ ታውቃለህ? ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ሰው ሳይመርጥ፣ ሳይጠየፍ የሚያበላ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ አገር ልጅ ናት ሚስትህ። በሌላ በኩል ደግሞ ይሄው ወሎ የ1966ን ረሃብ አይቷል፣ የ1977ንም አይቷል። በዚያ ያለፉ ወላጆች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «ተርበን ያተረፈን ጎረቤት ነው፣ በርህን አትዝጋ» ብሎ አሳደገ። ሌላው «ጎተራህን ባዶ አታድርግ» ብሎ አሳደገ። እናትህን ጠይቃት፣ የሷንም እናት ይጠይቁ። እኔ ሁለታችሁ ከአንድ ረሃብ የወጣችሁ ሁለት መልሶች ናችሁ ባይ ነኝ። ይህንን ስታስበው ልብህ ትንሽ አይለዝብም?

እንግዲህ ለማስረዳት አትሂድ። ልጆቹ ሲተኙ ተቀምጣችሁ አንተ ቀድመህ ጀምር። የሷ ደግነት ቤታችሁን ያዳነበትን አንድ ቀን ተናገር። ስትታመም ማን መጣ? ልቅሶ ሲደርስባችሁ ድንኳኑን ማን ሞላው? ያ ሰው ሁሉ በሷ እጅ የተዘራ ነው። ከዚያ «አንቺስ የኔ ቁጠባ የጠቀመን ቀን ትዝ ይልሻል?» በላት። ዝም ካለች አትቸኩል፣ ጊዜ ስጣት።

ገንዘቡን ደግሞ ከሁለት ክፈሉት። ደሞዝ በወጣ ቀን የእንግዳና የቅሬ ይህን ያህል፣ የጣሪያው ይህን ያህል ብላችሁ በደብተር ጻፉ። በእንግዳው ብር ላይ አዛዧ እሷ ናት፤ ለማን ምን እንደሰጠች አትጠይቃት፣ ፊትህንም አታጥቁር። በጣሪያው ብር ላይ አዛዡ አንተ ነህ፤ ረመዳንም ፋሲካም ቢሆን አይነካም። ስንት ይሁን የሚለውን ቁጥር እኔ አልነግራችሁም፣ የቤታችሁን አቅም እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

ስለዚያ ቃል ግን ዝም አትበል። ሆድ ውስጥ የዋለ ቃል ይሻግታል። «ልጆቼ ፊት እንዲያ ስትዪኝ አፈርኩ» በላት። እሷም ይቅርታ ካለች፣ ልጆቹ ፊት እንድትለው ጠይቃት። ልጆቹ የሰሙት ያንን ቃል ነው፣ መታረሙንም ይስሙ። እግረ መንገድህን፣ አንተም ልጆቹ ፊት ያልካት ነገር ካለ አብረህ አንሳው።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ

እትዬ፣ ባለቤቴ ይመታኛል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ጥሩ ጎኑንም እይ፣ ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም» አሉኝ። አንቺም ስለ ጥሩ ጎን ስለምትጽፊ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።

መልስ

እህቴ፣ እኔ ስለ ጥሩ ጎን የምጽፈው ለዚህ አይደለም። ሠራተኛ መሆኑ አንቺን ለመምታት ፈቃድ አይሆነውም። ሽማግሌዎቹ በዚህ ተሳስተዋል፣ ሽምግልናን በጣም የማከብር ሰው ሆኜ ነው የምልሽ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1997 ግንቦት ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 564፣ ወንጀል ነው። «የቤት ጉዳይ ነው» ቢሉሽ አትመኚ። ጉዳት ካለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ እንዴት እንደተጎዳሽ እውነቱን ንገሪያቸው፣ የሰጡሽን ወረቀት እሱ በማያገኘው ቦታ አስቀምጪ። ፖሊስ ጋ፣ እንዲሁም የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ የምታምኛት አንዲት ሴት ትከተልሽ። ዛሬ ማታ ነገር ቢነሳ የት እንደምታድሪ ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪ። የራስሽን ጥንካሬ ማሰብ ከፈለግሽ ግን አንዱን ልንገርሽ፤ ይህን ጽፈሽ መላክሽ።

ጥያቄ፣ ከወልድያ

እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ 21 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ ደላንታ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። የ12ኛ ክፍል ውጤቴን ስነግረው «እህ» ብሎ በሬዎቹን ፈታ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሁለት በግ ሸጦ ሰጠኝ፣ ያኔም ምንም አላለም። ስልክ ስደውል የሚያወራኝ ስለ ዝናብ ነው። አከብረዋለሁ፣ ግን የምንቀራረብ አይመስለኝም። ለጥምቀት ልገባ ነው፤ ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ

የኔ ልጅ፣ «ጎበዝ» መባል መፈለግህ ትክክል ነው፣ በዚህ አትፈር። አባትህም አንድ ቀን ቢልህ ደስ ባለኝ።

ግን በሱ ዘመን ያደገ አባት ልጁን ፊት ለፊት ማድነቅ ይፈራል። አንዳንዱ «ይበላሽብኛል» ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ዓይን ይበላብኛል» ብሎ ነው፤ በጣም የሚሳሳለትን ልጅ ስሙን እንኳን ሰው ፊት አይጠራም። ዝም ያለህ ስላላየህ ላይሆን ይችላል። የሁለቱ በጎች ነገር ራሱ ንግግር ነው። ደጋ ለሚኖር ገበሬ በግ ማለት ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሸጥ ገንዘብ ነው፤ እሱ ግን ክፉ ቀን ሳይመጣ ላንተ ሸጠው።

ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ትምህርትህ ላይ የምትችለውን ነገር ጻፍ። ሌሊት ቁጭ ብለህ ታነባለህ? ፈተና ሲያቅትህ እንደገና ትሞክራለህ? ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ከማን እንደተማርከው ጻፍ። በልጅነትህ ድንጋያማ ማሳ ላይ ማረሻው ሲሰበር አባትህ ምን ያደርግ ነበር? እሱን ያየ ልጅ ነው ዛሬ ላይብረሪ ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ የሚሞክረው።

ስትገባ «ለምን ጎበዝ አላልከኝም» ብለህ አትጀምር። ቤት ውስጥ፣ እንግዳ ፊት፣ እሳት ዳር አይሆንም፤ እንዲህ ያለ አባት ፊት ለፊት ተያይቶ ማውራት ይከብደዋል። ማታ ከብቶቹ ሲገቡ አብረኸው በረት ሂድ። ገለባውን አንተ ያዝለት። እጁ ሥራ ይዞ ሳለ «አባዬ፣ ማረሻ ሲሰበር ሳትናደድ እንደገና ትይዘው ነበር። እኔም ፈተና ሲከብደኝ እሱን አስታውሳለሁ» በለው። ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠይቀው። ዘንድሮ እንዴት እንደሚሆን ከምን እንደሚያውቅ፣ ከደመናው ነው ከነፋሱ፣ ማን እንዳስተማረው። እሱ ሲያወራ አታቋርጠው፤ ረዘም አድርጎ የሚያወራ ከሆነ በረቱ ጨልሞም ቢሆን ቆይ።